የሰዓዳ ስልክ ጀርባ

ባለፈው ሰሞን ሻርጃ ውስጥ አንድ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። የሴቶቹ አዳራሽ በር ላይ የቆመችው ልጅ ፈገግ ብላ እጇን ስትዘረጋ ስልኬን ሰጠኋት። ከጥቅሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ስቲከሮች ላጠችና አንዱን በፊት ካሜራው፣ ሌላውን በኋላው ላይ ለጠፈች። «ይቅርታ ማዳም፣ የሴቶች አዳራሽ ስለሆነ ነው» አለችኝ። ይቅርታዋን ልብ አላልኩትም፤ ዓይኔ አውራ ጣቷ ላይ ነበር። መሃሉን ብቻ ጫን አድርጋ ተወችው። እንዲህ የተለጠፈ ስቲከር ሙሽራዋ ሳትገባ ጠርዙ ይነሳል። ዝም ብዬ ባልፍ ጥሩ ነበር፣ ግን ተፈጥሮዬ አይደለም። «የኔ ቆንጆ፣ በጥፍርሽ ዙሪያውን ፈትጊው» አልኳትና ራሴው አሳየኋት። «የት ተማርሽው?» ስትለኝ «እንዳንቺ በር ላይ ቆሜ» አልኳት። ቀሚሴንና ወርቄን አይታ የቀለድኩ መሰላትና ከልቧ ሳቀች።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ሩዙ ቢጫ ሆኖ፣ የበጉ ሥጋ ላዩ ላይ ተቆልሎ መጣ። በላሁ፣ አጨበጨብኩ፣ ለሙሽራዋ እልል አልኩ። ሐሳቤ ግን በዚያች ጥፍር በምታህል ስቲከር የተነሳ ወደ ሌላ ሠርግና ወደ ሰዓዳ ሄዶ ነበር።

ከደሴ ተነስቼ፣ አዲስ አበባ የሆቴል ሙያ ተምሬ ዱባይ ስገባ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። አል ጋርሁድ ውስጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የግብዣ ክፍል ተቀጠርኩ። ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ አስለብጬ ስመጣ በዓይነ ሕሊናዬ የማየው የእንግዳ መቀበያውን ጠረጴዛ ነበር፤ የደረሰኝ ግን የሠርግ በር ነው። የአገሬው ሴቶች ለብቻቸው በሚሰባሰቡበት አዳራሽ ወንድ አይገባም። አስተናጋጁም፣ ዘፈን የሚከፍተውም፣ ፎቶ የሚያነሳውም ሴት ነው። እንግዶቹ ጥቁሩን አባያ አውልቀው፣ ጸጉራቸውን ለቀው፣ ያማረ ቀሚሳቸውን ለብሰው ይጨፍራሉ። ከዚያ ውስጥ አንዲት ፎቶ ብትወጣ ጣጣው ለሙሽራዋ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ ሁሉ ነው። ስለዚህ የትልቅ ሰው ሚስትም ሆነች ሞግዚት፣ ማንም ሴት ካሜራዋ ሳይታሸግ አታልፍም። አሻጊዋ እኔ ነበርኩ።

ሥራው ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እስቲ ቆማችሁ ሞክሩት። «ስልክ የለኝም» ብላ ምላ ስታበቃ ከጡት መያዣዋ ውስጥ ስልኳ የጮኸባት አክስት አጋጥማኛለች። የስቲከሩን ቀለም ሙሽሮቹ ራሳቸው ይመርጡ ስለነበር የአንዱ ሠርግ ከሌላው አይመሳሰልም። አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ በደህና አይነሳም፤ እየተቦጫጨቀ ነው የሚላጠው፣ ነጭ ሙጫውንም ካሜራው ዙሪያ ትቶ ይሄዳል። የተረፈውን ጥቅል ሊባኖሳዊት አለቃዬ ፊቷ በመቀስ ቆራርጬ እንድጥለው ታደርገኝ ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር። ሰው ሁሉ በሚታይበት ከተማ ላንድ ምሽት ያህል አለመታየትን የማድለው እኔ ነኝ እያልኩ እጎርር ነበር። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ብሎ መጎረር ብዙም አያሳፍርም።

የምኖረው አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ነበር፤ ኪራዩ እዚያ ይረክሳል። ጠዋት ጠዋት ተሰልፌ የዱባዩን አውቶቡስ እይዛለሁ። ሙቀቱ በሚበረታበት ወር መስታወቱ በውጭ በኩል ያልበዋል፤ ቅዝቃዜ ሲገባ ደግሞ ጉሙ ሕንፃዎቹን ከወገባቸው በላይ ይውጣቸዋል። የሻርጃው መንገድ ተጨናንቆ ስንቆም የከረክ ሻይ ሽታ ከመንገድ ዳር ሱቆች ይመጣል፣ እኔም ጉንጬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ እተኛለሁ። ማታ የምገባው ወደ ቤድ ስፔሴ ነው። ቤድ ስፔስ ማለት ከአልጋሽ በቀር ያንቺ የሚባል ነገር የሌለበት ቤት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ አልጋ በአንሶላ ወይም በድሮ ነጠላ ተጋርዷል። እኛ ክፍል አንድ ሕግ ነበረን፤ ማን እንዳወጣው አላውቅም። የአልጋውን ብረት በጣት ሳያንኳኩ የሰው መጋረጃ አይገለጥም። እሳት ቢነሳ እንኳ አንኳኩተን የምንገባ ይመስለኛል።

ሰዓዳን ያወቅኋት በዚያ ቤት ነው። የአክስቷ ልጅ አብራን ትኖር ስለነበር የዕረፍት አርብ ሲደርሳት ከአል ዋርቃ ድረስ ትመጣ ነበር። የኮምቦልቻ አካባቢ ልጅ ናት። አል ዋርቃ ውስጥ አንድ ቪላ ቤት ልጆች ትይዛለች። ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ምላሷ የሰላ ልጅ ነበረች። ሽሮ በኹብዝ፣ በአረቦቹ ቂጣ፣ ስንበላ «ይሄን ወሎ ቢያይ ያለቅሳል» ብላ ከሁላችንም በላይ ትበላለች። እናቷ አርብ አርብ በቪዲዮ ትደውላለች። የኛ ሰው በቪዲዮ ሲደውል ታውቁታላችሁ፤ ፊትሽን ለሰላምታ ያህል ያይና «ዞር አድርጊው እስቲ፣ ቤቱን እንየው» ይላል። ቀጥሎ ጎረቤት ይጠራል። ቀጥሎ የማዳምን ልጆችም አሳዪን ይባላል። አንዳንዱማ የታየውን ቤት ፎቶ አንስቶ «የእህቴ ልጅ የምትኖርበት» ብሎ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይለጥፈዋል። ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፣ በኩራት ነው።

እንግዲህ የሰዓዳ ማዳም ታናሽ እህት ስታገባ ሠርጉ የኛ ሆቴል ሆነ። ሰዓዳም ትልልቆቹን ልጆች ይዛ መጣች። በሩ ላይ ስታየኝ ፊቷ በራ። የሙሽራዋ ስቲከር ወይን ጠጅ ነበር፣ በመሃሉ ትንሽ የወርቅ ቅጠል ያለበት።

«ለኔም አለ እንዴ?» አለችኝ ስልኳን እየሰጠችኝ።

«ለሁሉም ነው።»

«እንግዲያው አጥብቀሽ ለጥፊው» አለችና ሳቀች። ቀልድ መስሎኝ አጥብቄ ፈተግኩላት።

ሠርጉ በሰላም አለቀ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጠራችኝ። ሙሽራዋ ጸጉሯን ለቃ ስትጨፍር የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቷል። መጀመሪያ በቤተሰብ ግሩፕ፣ ከዚያ በዘመድ ዘመድ፣ በመጨረሻም በማያውቋት ወንዶች ስልክ ውስጥ ገብቷል። የተቀረጸው ከታች ወደ ላይ፣ ከመድረኩ በስተግራ፣ ሞግዚቶች ከልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ከተቀመጡበት ቦታ ነው። ከሞግዚቶቹ ደግሞ ስልክ ይዛ የገባችው ሰዓዳ ብቻ ነበረች። «ስልክሽን ክፈቺና አሳዪን» ቢሏት እምቢ ብላለች። «በሩ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ልጅቷም ያገርሽ ልጅ ናት» አለችኝ አለቃዬ። «ሂጂና እውነቱን ይዘሽ ነይ።»

መኪና ሰጥተውኝ ወደ አል ዋርቃ ሄድኩ። በዚህ አገር የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ መበተን ፖሊስ ጋ ያደርሳል፤ ለቤት ሠራተኛ ደግሞ ከፖሊስ ጣቢያ ቀጥሎ ያለው መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሰዓዳ ተዋርዳ፣ ሌባ ተብላ፣ ባዶ እጇን አገሯ ልትገባ ነው። በየመብራቱ ራስ ላይ ካሜራ፣ በየቪላው በር ላይ ካሜራ አለ። ለነገሩ ካሜራ ጠልቼ አላውቅም። አንዴ ሜትሮ ውስጥ የረሳሁትን ቦርሳ ያገኘልኝ እሱ ነው። ቦርሳዬን የሚያውቅ እኔንም እንደሚያውቅ ግን አልረሳም። የዚያን ቀን እነዚያ ሁሉ ካሜራዎች ሰዓዳን ሊያድኗት አይችሉም ነበር፤ በሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ አንድም ካሜራ አልነበረምና።

ሳሎኑ ሰፊና ቀዝቃዛ ነበር። ማዳም ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። አጠገቧ ወንድሟ፣ የመኪና ቁልፉን እያሽከረከረ ቆሟል። ሰዓዳ ግድግዳውን ተደግፋ ስልኳን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች።

«ከትናንት ጀምሮ ክፈቺው እላታለሁ፣ እምቢ አለች» አለችኝ ማዳም በአረብኛ። «የሌለበት ከሆነ ምን ያስፈራታል?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ፖሊስ ይክፈተው» አለ ወንድሟ። «ያላ፣ ስልኩን!»

እኔም ወደ ሰዓዳ ዞሬ ማንም የሚለውን አልኩ። «ሰዓድዬ፣ ምን ሆነሻል? ከሌለበት ክፈቺውና ተገላገይ።»

«ያለበትን ልንገርሽ?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እህቴ የሠራችኝ ሹሩባ አለበት፤ ጸጉሬን ገልጬ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ የተነሳሁት። ከሁሴን ጋር የተጻጻፍነው አለበት። እናቴ እያለቀሰች የላከችው ድምፅ አለበት። የሙሽራዋ ጸጉር ታየ ብለው ቤቱን አናወጡት። ልክ ናቸው፣ ዋላሂ ልክ ናቸው። ታዲያ የኔን ይሄ ወንድማቸው ሊያገላብጠው ነው? የኔስ ጸጉር አይደለም?»

ሁሴን አገር ቤት የሚጠብቃት እጮኛዋ ነው። የስንቱን ካሜራ ስዘጋ የኖርኩት እኔ፣ ለሷ ሲሆን ክፈቺ እላለሁ። ትንሽ ተቆጣሁ፤ በራሴም፣ በወንድምየውም፣ በሶፋውም። በደከመው አረብኛዬ የተናገረችውን ቃል በቃል ለማዳም ነገርኳት። የመጨረሻዋን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ደገምኳት፣ መጀመሪያ በትክክል ያልኳት ስላልመሰለኝ።

ማዳም እኔን አየች፣ ሰዓዳን አየች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ውጣ» አለችው።

«ለምን?»

«ውጣ አልኩህ። የሴቶች ነገር ነው።»

በሩ ሲዘጋ ሰዓዳ ትከሻዋ ዝቅ አለ። ስልኩን ግን አልለቀቀችም።

«እሺ» አለች ማዳም ግንባሯን በእጇ ይዛ። «ሳልከፍተው እንዴት ልወቅ? እህቴ ላይ ፎቅ ታለቅሳለች። ምን ልበላት?»

እዚህ ላይ ሙያዬ ትዝ አለኝ። ሰዓዳን ያየኋት በጓደኛ ዓይን ነበር፤ የበር ሠራተኛ ሆኜ ማየት ነበረብኝ። «ሰዓዳ፣ አትክፈቺው» አልኳት። «ገልብጪና ጀርባውን ብቻ አሳዪን።»

እሷ ግን ያንንም ለማሳየት አፈረች። ጥቂት አመነታችና ስልኩን ከደረቷ አላቃ፣ ሽፋኑን ፈልቅቃ ገለበጠችው። ወይን ጠጇ ስቲከር ካሜራው ላይ ናት። የወርቁ ቅጠል ደብዝዟል፣ ጠርዟ በሳሙናና በሊጥ ጠቁሯል፤ እሷ ግን አንድ ቦታ እንኳ አልተቦጨቀችም። የፊተኛዋም እንዲሁ። ያን ቀን ስፈትጋት ያለፈው የጥፍሬ መስመር ሳይቀር የሚታየኝ መሰለኝ።

ማዳም የራሷን ስልክ አነሳችና ሽፋኑን አወለቀች። ካሜራዋ ዙሪያ ነጭ ሙጫና የወይን ጠጅ ቅሪት ተጣብቋል። ሰዓዳ ካጠገቧ ስልኳን ዘረጋችላት፣ ሳትሰጣት። ሁለቱን ጎን ለጎን አየቻቸው።

«ከሠርጉ ጀምሮ አላነሳሽውም?»

«አላነሳሁትም።»

«ታዲያ ከትናንት ጀምሮ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጀርባውን ማን ጠየቀኝ?» አለች ሰዓዳ። «ሁሉም ክፈቺ ነው ያለኝ።»

ማዳም ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። ሰው እንዴት ይህን ያህል ጊዜ ያለ ካሜራ ይኖራል ብላ ጠየቀች። ሰዓዳ እኔን አየችኝ፣ ንገሪያት አልኳት።

«ማዳም፣ አትቆጪኝም? ከመጣሁ ወዲህ ከስቻለሁ። እናቴ ፊቴን ካየች ታለቅሳለች። ጎረቤት ይጠራና ቤቱን አሳዪን፣ ልጆቹን አሳዪን ይሉኛል። ቤቱ የሰው ነው፣ ልጆቹም የሰው ናቸው። እምቢ ስል ኮራች ይሉኛል። ስቲከሩ ሲለጠፍልኝ ጊዜ ተገላገልኩ። ካሜራዬ ታሽጓል፣ ማዳም ናት ያሳሸገችው አልኳቸው።»

«እኔ?» አለች ማዳም። ያበጠው ዓይኗ ፈጠጠ። «ዋላሂ፣ እናትሽ እንግዲህ እኔን ስትረግም ነው የምታመሸው!» አለችና ሳቀች። ሰዓዳም ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። እኔ ሁለቱንም አደረግኩ።

ቪዲዮው ከየት እንደወጣ የታወቀው ከሰነበተ በኋላ ነው። የማዳም ትንሹ ልጅ መጫወቻ ታብሌት ነበረው። ልጁ ከአያቱ ጋር የገባው ከሆቴሉ ክፍል በውስጥ በር ስለነበር ታብሌቱ እኛ ጠረጴዛ ጋ አልደረሰም። ልጁ ሰዓዳ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ አክስቱን ቀረጸ፤ ታብሌቱ ደግሞ ያነሳውን ሁሉ ራሱ ወደ አያቱ ስልክ ይልክ ኖሯል። አያት ደስ ብሏቸው ለእህታቸው ላኩ፣ እህታቸው ለልጃቸው፣ እንዲህ እያለ ከቤት ወጣ። ደውላ ይህን ለአለቃዬ የነገረቻት ማዳም ራሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በውስጥ በሩም ጠረጴዛ አቆምን፣ የሕፃን ታብሌትም ማሸግ ጀመርን። ማዳም በቤቷም ልጆቿንና ወንድሟን ሰብስባ «የሰዓዳን ስልክ ማንም አይነካም» ማለቷን ሰዓዳ የማዳምን ድምፅ እያስመሰለች ነግራናለች።

ይህን የነገረችን በቀጣዩ የዕረፍት አርቧ ነው። ኹብዛችንን በልተን ስናበቃ የአልጋዬን ብረት በጣቷ አንኳኳች። «ትርስዬ፣ መጋረጃሽን ታውሺኛለሽ?» አለችኝ። ወጣሁላትና ገባች። ማንም ላጪው አላላትም። ከውስጥ ጥፍሯ ስቲከሩን ሲቦጫጭቅ ይሰማኛል። ከዚያ የስልኩ ጥሪ፣ ከዚያ የእናቷ ጩኸት ተሰማ።

«የኔ ልጅ! ታየሽኝ! ሴትየዋ ፈታችልሽ?»

«እኔው ፈታሁት፣ እማ። ከስቻለሁ አይደል?»

«ክሺ! ምን ቸገረኝ! አለሽልኝ!» እናት እያለቀሰች ነው። ከኋላዋ የጎረቤት ድምፅ መጣ፦ «ዞር አድርጊው እስቲ፣ ያለሽበትን እንይ!»

ከመጋረጃው ውጭ ያለነው ጆሯችንን አቆምን።

«አይ» አለች ሰዓዳ ረጋ ብላ። «ዛሬ እኔን ብቻ እዩኝ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሄዷል። እኔ ከበሩ ወደ ቢሮ ገባሁ፣ አግብቼ ሻርጃ ቤት ያዝኩ። ሰዓዳ ኮንትራቷን በክብር ጨርሳ፣ ሁሴንን አግብታ ኮምቦልቻ ትኖራለች። ስልኮቻችን ብልጥ ሆነዋል። ፍቀጂ ይላሉ፤ ካሜራሽን፣ የምታውቂያቸውን ሰዎች ቁጥር፣ ያለሽበትን ቦታ ፍቀጂ። የእህቴ ልጅ ሳታነብ ፍቀድ፣ ፍቀድ እያለች ስትነካ እጇን እይዛታለሁ። «የምትደብቂው ምን አለ፣ አክስቴ?» ትለኛለች። የምደብቀው የለኝም። የኔ የሆነ ነገር ግን አለኝ፤ ማን እንደጠየቀኝና ለምን እንደፈለገው ሳላውቅ አልሰጥም። ይህን መንግሥትም ቢሆን፣ ኩባንያም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን እኩል እነግረዋለሁ። ሰዓዳ ያን ቀን ግድግዳ ተደግፋ ስትናገር የሰማሁት ይበቃኛል።

ከሻርጃው ሠርግ በማግስቱ ጠዋት እንቁላል እየጠበስኩ ስልኬ ጮኸ። ሰዓዳ ናት፣ በቪዲዮ። አነሳሁት። ጥርሰ ፍንጭቷ ወይዘሮ፣ አሁን ደልደል ብላ፣ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ ታፈጣለች። እሷ የምታየው ጨለማ ብቻ ነው፤ ስቲከሩን ገና አላነሳሁትም።

«ሠርግ ነበርሽ አይደል?» አለችኝ ወዲያው።

«አዎ፣ ሻርጃ።»

«አሻጊዋ ደህና አድርጋ ፈተገችው?»

«አልፈተገችም። እኔው አሳየኋት።»

ሳቋ ወጥ ቤቱን ሞላው። በጥፍሬ ጠርዙን ያዝኩና ላጥኩት፤ እንደ ልማዱ ተቦጫጨቀ። ፊቴን ስታይ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ያ ምላሷ መጣ።

«ዞር አድርጊው እስቲ፣ ቤቱን ልየው!»

የሌሊት ልብሴ ሶፋው ላይ፣ የትናንት ሳህን ገንዳው ውስጥ ነበር። «ዛሬ እኔን ብቻ እዪኝ» አልኳት፣ አላዞርኩትም።